ድርጊቱ የማን ነው? በእንግሊዝኛ ጽሑፋችን ባለቤታቸው ስለሚጠፋ ሐረጎች

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ የሰዋስው ጉዳይ ነው። ትንሽ ያልኩት መጠኗን እንጂ መዘዟን አይደለም። «ታስሬ ሳለሁ ወንድሜ ቤቱን ሸጠው» የሚል ዐረፍተ ነገር በአማርኛ የሰማ ሰው ማን እንደታሰረና ማን እንደሸጠ ለመጠየቅ አይገደድም። የታሰረው ተናጋሪው ነው፤ የሸጠው ወንድሙ ነው። ይህንኑ ነገር እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፈዋል፦ «ዋይል ኢን ፕሪዝን፣ ማይ ብራዘር ሶልድ ዘ ሐውስ»። ቃላቱ ትክክል ናቸው፤ የግሱ ጊዜ ትክክል ነው፤ የተገደፈ ፊደል የለም። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን ከዚህ ዐረፍተ ነገር የሚረዳው ወንድምየው እስር ቤት ሆኖ ቤቱን መሸጡን ነው። ጽሑፉ በውጭ አገር ለጥገኝነት የቀረበ ቃል ወይም ለውርስ ክርክር የተዘጋጀ ማስረጃ ከሆነ፣ ታሳሪው ሰው በወረቀቱ ላይ ተለውጧል ማለት ነው። ጸሐፊው አልዋሸም፤ የዋሸበት ግን ዐረፍተ ነገሩ ነው። በኋላ በቃል ሲጠየቅ «የታሰርኩት እኔ ነኝ» ቢል፣ ጠያቂው ሁለቱን ቃሎች አስተያይቶ መጠራጠሩ አይቀርም።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህን ስሕተት «ዳንግሊንግ ሞዲፋየር» ይሉታል። እኔ ተንጠልጣይ ገላጭ እለዋለሁ። አሠራሩ እንዲህ ነው። በእንግሊዝኛ በ«ኢንግ» ወይም በ«ኢድ» የሚያልቅ የግስ ቅርጽ፣ ከ«ቱ» ቀጥሎ የሚመጣ ግስ፣ እንዲሁም አሁን እንዳየነው ጭራሽ ግስ የሌለው አጭር ሐረግ የድርጊቱን ባለቤት በራሱ ላይ አይዝም። ሐረጉ በዐረፍተ ነገሩ መነሻ ላይ ሲቀመጥ አንባቢው ባለቤቱን ከነጠላ ሰረዙ ማዶ ይጠብቃል፤ እዚያ የሚያገኘውን የዋናውን ዐረፍተ ነገር ባለቤት ወስዶ ለሐረጉም ይሰጠዋል። ዊልያም ስትረንክ እ.ኤ.አ. በ1918 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ ባዘጋጀው አነስተኛ መጽሐፍ ይህን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ደንብ አስፍሮታል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ፋውለርም በ1926 በታተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገቡ ውስጥ ነገሩን አንሥቶ ገሥጾበታል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱ ሰዎችም ይሳሳቱታል፤ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የእኛ መንገድ ግን የተለየ ነው፤ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው።

አማርኛ የድርጊቱን ባለቤት በግሱ ላይ ይጽፋል። ነባሩ ሰዋስው ቦዝ አንቀጽ የሚለውን ቅርጽ ውሰዱ፦ ሄጄ፣ ሄደህ፣ ሄደሽ፣ ሄዶ፣ ሄዳ፣ ሄደን፣ ሄዳችሁ፣ ሄደው። ቦዝ አንቀጽ ብቻውን ዐረፍተ ነገር አያስርም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይጠብቃል። ሆኖም የማን ድርጊት እንደሆነ ለመናገር ማሰሪያውን አይጠብቅም። «ስሄድ»፣ «እየሄድሽ»፣ «ከሄዱ በኋላ» ብንልም ያው ነው። በዚህ ምክንያት አማርኛ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤት ቢቀያየር ችግር የለበትም፤ «ዝናቡ አባርቶ ገበሬዎቹ ወደ እርሻ ወጡ» ስንል ያባራው ማን፣ የወጡት እነማን እንደሆኑ ግልጽ ነው። እንግሊዝኛ ለእነዚህ ስምንት ቅርጾች ሁሉ ያለው አንድ «ጎይንግ» ነው። «ሄጄ» ብሎ ያሰበ ሰው «ጎይንግ» ብሎ ሲጽፍ «እኔ» የሚለው መንገድ ላይ ይቀራል። ጸሐፊው ግን መቅረቱን አያውቅም፤ በጆሮው ውስጥ አሁንም «ሄጄ» ይሰማዋልና። የራሱን ጽሑፍ አሥር ጊዜ መልሶ ቢያነበውም ስሕተቱ የማይታየው ስለዚህ ነው። መምህራን ይህን ስንፍና ወይም ግድየለሽነት አድርገው ሲያርሙት በጣም አዝናለሁ፤ ምንጩ ሌላ ነውና። ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ባለቤቱን ጠንቅቆ ይይዛል፤ የሚጽፍበት ቋንቋ ግን ያን መያዣ ቦታ አልሰጠውም።

እንግሊዝኛ እንዲህ የሆነው ከጥንት አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ የዛሬውን «ኢንግ» ቦታ የሚይዝ በ«ኤንዴ» የሚጨርስ ቅርጽ ነበረው፤ ያም እንደ ቅጽል በጾታ፣ በቁጥርና በሙያ ይረባ ነበር። በላቲንም እንዲሁ ነው፤ ገላጩ ከሚገልጸው ስም ጋር በመልኩ ስለሚስማማ፣ በዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ርቆ ቢቀመጥ እንኳ ማንን እንደሚገልጽ ይታወቃል። ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ባሉት ዘመናት እንግሊዝኛ አብዛኛውን የቃላት መጨረሻ ርባታውን አጣ። ቀድሞ የቃሉ መጨረሻ ይሠራው የነበረውን ሥራ የቃሉ ቦታ ተረከበው። ዛሬ በእንግሊዝኛ ማን ማንን እንደመታ የሚነግረን ከግሱ በፊትና በኋላ የመጣው ነው። ገላጩ ሐረግም በዚሁ ሥርዓት ይተዳደራል፤ ከማን አጠገብ እንደተቀመጠ የማን እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ደንቡን አንድ መምህር ከኪሱ አውጥቶ የጫነው የቅንጦት ሕግ አድርጎ ማየት ልክ አይደለም፤ ርባታ ያለቀበት ቋንቋ በቀረው መሣሪያ የሚሠራበት ዘዴ ነው።

አሁን አንድ ዐረፍተ ነገር ቀረብ ብለን እንመርምር። በመመረቂያ ጽሑፎች የጥናት ዘዴ ምዕራፍ ውስጥ የሚከተለው ዓይነት አጻጻፍ የተለመደ ነው፦ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዚ ኢንተርቪው፣ ዘ ኩዌስችነር ዎዝ ኮሌክትድ»። ጸሐፊው ሊል የፈለገው «ቃለ መጠይቁን ጨርሰን የጽሑፍ መጠይቁን ሰበሰብን» ነው። ዐረፍተ ነገሩ የሚለውን ለማወቅ ደግሞ መልሳችሁ ወደ አማርኛ አምጡት፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን ሐረግ ወደ ቦዝ አንቀጽ ስትመልሱ ያሰባችሁትን ባለቤት ሳይሆን ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ያገኛችሁትን ስም ባለቤት አድርጉ። ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ያለው መጠይቁ ነው። እንግዲህ «መጠይቁ ቃለ መጠይቁን ጨርሶ ተሰበሰበ» ሊሆን ነው። «ጨርሰን» ያልነው «ጨርሶ» ሆኗል፤ ወረቀት ሰው አነጋግሮ ጨርሷል። በእንግሊዝኛ ሲነበብ ዝም ብሎ ያለፈን ነገር በአማርኛ ሲሰማ ጆሮ አይቀበለውም። ይህ ፈተና ሰዋስው በቃል መያዝን አይጠይቅም፤ አማርኛ መቻልን ብቻ ይጠይቃል። በተደጋጋሚ የሚያሳስተን ቋንቋችን ራሱ ከሁሉ የተሻለ መመርመሪያ ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም እንግሊዝኛ ሳይናገር የሚያልፈውን ባለቤት አማርኛ ካልጠራ ግሱን ሊያረባው አይችልም።

ስሕተቱ ከተገኘ በኋላ ማቃናቱ ቀላል ነው። አንደኛው መንገድ እውነተኛውን ባለቤት ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ማስቀመጥ ነው፦ «ሃቪንግ ፊኒሽድ ዚ ኢንተርቪው፣ ዊ ኮሌክትድ ዘ ኩዌስችነር»። ሌላው መንገድ ሐረጉን የራሱ ባለቤት ያለው ሙሉ ጥገኛ ዐረፍተ ነገር ማድረግ ነው፦ «አፍተር ዚ ኢንተርቪው ዎዝ ፊኒሽድ፣ ዘ ኩዌስችነር ዎዝ ኮሌክትድ»። በዚህኛው ሁለቱም ግሶች ተገብሮ ናቸው፤ «እኛ» የሚልም የለም፤ ሆኖም የተንጠለጠለ ነገር አልተገኘም፤ እያንዳንዱ ግስ ባለቤቱን አግኝቷልና። ከሁለቱ እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ አጭርና ቀጥተኛ ነው። ሁለተኛውን መርጦ የሚጽፍንም የምነቅፍበት ምክንያት የለኝም።

እስካሁን ያየነው ለዓይን የሚጎላ ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ደግሞ ከዚህ የባሰ የሚያስቅ ምሳሌ መምረጥ ይወዳሉ፤ ዛፍ በመንገድ ላይ ሲሄድ፣ ውሻ ጋዜጣ ሲያነብ የሚያሳይ ዓይነት። ይህ አስተማመር ጎጂ ነው ብዬ አምናለሁ። ተማሪው «ተንጠልጣይ ገላጭ የሚያስቅ ነገር ነው» ብሎ ይይዛል፤ የማያስቀው ሲመጣ ደግሞ አያየውም። የሚያስቀው ስሕተት ማንንም አያሳስትም፤ አንባቢው ዛፍ እንደማይሄድ ያውቃልና ራሱ አርሞ ያልፋል። የሚያሳስተው እውነት ሊሆን የሚችለው ነው። ይህን ተመልከቱ፦ «አፍተር ሪሲቪንግ ዘ ቫክሲን፣ ዘ ነርስ ሪኮርድድ ዘ ቻይልድስ ቴምፕሬቸር»። ክትባቱን የወሰደው ማን ነው? በሰዋስው ቋንቋ ከሆነ ነርሷ ናት። ነርስ ደግሞ ትከተባለች፤ ነገሩ ምንም አያስቅም። ደግሞም «ሪሲቪንግ» መከተብ ብቻ ሳይሆን የክትባቱን ብልቃጥ ተረክቦ መያዝም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ያሰበው ግን «ሕፃኑ ከተከተበ በኋላ ነርሷ ሙቀቱን መዘገበች» ነው። የተመዘገበው ሙቀት ከክትባት በፊት ይሁን በኋላ የሚለው ጥያቄ ትኩሳቱ ከክትባቱ የመጣ ሊሆን መቻል አለመቻሉን ይወስናል። እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር በታካሚ ካርድ ላይ ከሰፈረ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሐኪም የሚያነበው ዐረፍተ ነገሩን እንጂ የጸሐፊውን ሐሳብ አይደለም። እንደ ወንድምየው ሁሉ፣ እንደ ነርሷ ሁሉ፣ ሁለት ሰዎች ባሉበትና ድርጊቱ ለሁለቱም በሚሆንበት ቦታ ነው መጠንቀቅ ያለብን።

የገላጭ ሐረግ ቦታ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለማየት አንድ የአሜሪካ ፍርድ ላንሣ። በ1991 የወጣ የቴሌፎን ሸማቾች ጥበቃ ሕግ በራሱ የሚደውል መሣሪያን ሲተረጉም፣ ቁጥሮችን የማከማቸት ወይም የማመንጨት ዐቅም ያለው ይልና ከነጠላ ሰረዝ ቀጥሎ «ዩዚንግ» ብሎ የሚጀምር ሐረግ ያክላል፤ በዘፈቀደ ወይም በቅደም ተከተል ቁጥር ማመንጫ በመጠቀም እንደማለት ነው። ፌስቡክ አካውንት የሌለው አንድ ሰው ከኩባንያው ተደጋጋሚ የስልክ መልእክት ስለደረሰው ከሰሰ። ክርክሩ ሄዶ ሄዶ ያረፈው በዚያች ሐረግ ላይ ነው። «ዩዚንግ» የሚገልጸው ማመንጨትን ብቻ ነው ወይስ ማከማቸትንም? ማመንጨትን ብቻ ከሆነ፣ ቁጥር አከማችቶ በራሱ የሚደውል ማንኛውም መሣሪያ ሕጉ ውስጥ ይገባል፤ ሁለቱንም ከሆነ ግን የፌስቡክ መሣሪያ ከሕጉ ውጭ ነው። የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለከሳሹ ፈረደ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሚያዝያ 2021 ገለበጠው፤ ሐረጉ ሁለቱንም ግሶች ይገልጻል አለ፤ ከሐረጉ በፊት የተቀመጠችውን ነጠላ ሰረዝም ከምክንያቶቹ አንዷ አደረጋት። በጥብቅ ከተናገርን ይህ ተንጠልጣይ ገላጭ አይደለም፤ ሐረጉ የሚያርፍበት አጥቶ ሳይሆን ሁለት ማረፊያ አግኝቶ ነው ችግር የፈጠረው። ሆኖም የሁለቱ ሥር አንድ ነው፤ የግስ ቅርጽ የማን እንደሆነ በራሱ ካልተናገረ፣ ሌላ ሰው ይናገርለታል፤ ያ ሌላ ሰው ዳኛ ሊሆንም ይችላል።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ተቃውሞዎቹም ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው «ታላላቅ ደራስያንም ጽፈውታል» የሚለው ነው። እውነት ነው። በሼክስፒር ሐምሌት ውስጥ የሟቹ ንጉሥ መንፈስ ስለ አሟሟቱ የተወራውን ሲናገር፣ በአትክልት ቦታው ተኝቶ ሳለ እባብ እንደነደፈው ይገልጻል፤ በቃላቱ አሰካክ ግን፣ በጥብቅ ደንብ ካየነው፣ የተኛው እባቡ ነው። ሜሪያም ዌብስተር በ1989 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላትም እንዲህ ያለው አጻጻፍ በታወቁ ደራስያን ዘንድ የተለመደና ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው መሆኑን በምሳሌ ያሳያል። ሰዋስወኛው ጄፍሪ ፑለም ደግሞ ነገሩ ሰዋስው ከማፍረስ ይልቅ ለአንባቢ ካለመጠንቀቅ ጋር የሚቆጠር ነው ይላል። እኔ ከፑለም ጋር እስማማለሁ፤ መስማማቴም ክርክሬን አያላላውም። በሐምሌት መድረክ ላይ መንፈሱ ራሱ በተመልካች ፊት ቆሟል፤ የተኛው ማን እንደሆነ ለመረዳት ተመልካቹ ሰዋስው አያስፈልገውም። የእኛ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የታካሚ ካርድ፣ የውል ሰነድ አንባቢ ግን በፊቱ የቆመ ሰው የለም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደንቡ ብዙ ወጣ ያሉ ቃላት አሉት የሚለው ነው። «ኮንሲደሪንግ»፣ «ሪጋርዲንግ»፣ «ጊቭን»፣ «ስትሪክትሊ ስፒኪንግ» ብለው የሚጀምሩ ዐረፍተ ነገሮችን ማንም አይነቅፍም፤ የሚቀጥለው ስም ባለቤታቸው ባይሆንም። ምክንያቱ እነዚህ ቃላት ከግስነት ወጥተው ወደ መስተዋድድነት ወይም ወደ ተውሳከ ግስነት መግባታቸው ነው። «ዱሪንግ» ግስ እንደነበር ዛሬ ማንም አያስታውስም፤ መነሻው ግን መዝለቅ፣ መቆየት የሚል ትርጉም ያለው ከፈረንሳይኛ የመጣ ግስ ነው። ፋውለርም ያኔ ይህን ጉዞ አስተውሎታል። ጉዞው ግን በአንድ ጸሐፊ ፈቃድ አይፈጸምም፤ ዘመናት ይፈጃል። «ዩዚንግ» ዛሬ በዚያው መንገድ ላይ ነው የሚሉ አሉ፤ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያየነው ክስ ግን ፍርድ ቤቶች ገና እንደ ግስ ይዘው እንደሚከራከሩበት ያሳያል።

ሦስተኛውና በዩኒቨርሲቲዎቻችን አዘውትሮ የሚገጥመኝ ክርክር «ሳይንስ ተገብሮ ይፈልጋል፤ ‹እኛ› ማለት አይፈቀድም» የሚለው ነው። ይህ ዛሬ ባብዛኛው እውነት አይደለም። የኔቸር መጽሔቶች ለደራስያን በሚሰጡት መመሪያ ገቢር ግስ እንደሚመርጡ ይናገራሉ። የአሜሪካ ሥነ ልቡና ማኅበር የአጻጻፍ መመሪያም ተንጠልጣይ ገላጭን ለይቶ ያነሣል፤ ገቢር ግስ መጠቀም ብዙውን እንደሚያስቀርም ያስረዳል። የግድ ተገብሮ የሚፈልግ አማካሪ ቢኖር እንኳ ቀደም ብዬ ያሳየሁት ሁለተኛው መንገድ አለ። ተገብሮ መጻፍ ባለቤቱን መደበቅ ነው፤ ይህ ሲያስፈልግ ይደረጋል። የተደበቀው ባለቤት ቦታ ላይ የማይገባውን ስም ማስቀመጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ያቀረብኩት ፈተናም ወሰን አለው። አማርኛ ባለቤት የሚይዘው በሁሉም ቅርጽ አይደለም። ንኡስ አንቀጽ፣ ማለትም «መጠቀም»፣ «ማወቅ» የሚለው፣ ባለቤት ሳይዝ ሊመጣ ይችላል። «ቅጽ በመጠቀም መረጃው ተሰበሰበ»፣ «ውጤቱን ለማወቅ ናሙና ተወሰደ» ስንል ማን እንደተጠቀመ፣ ማን ለማወቅ እንደፈለገ አልተጻፈም፤ ጆሯችንም አልተቆጣም። ስለዚህ «ዩዚንግ»ን «በመጠቀም» ብሎ የተረጎመ ሰው ፈተናውን አልፈተነም፤ ዝምታን በዝምታ ተክቷል። «ተጠቅመን» ወይስ «ተጠቅሞ»፣ «ተጠቅማ» ወይስ «ተጠቅመው» ብሎ መምረጥ አለበት። ለ«ቱ»ም «ለማወቅ» ሳይሆን «እንድናውቅ»፣ «እንዲያውቅ» እያለ ይሞክረው።  

«ኮምፒዩተሩ ያርመዋል» የሚል ካለ፣ የእርማት ፕሮግራሞች የሚያስቀውን ስሕተት ብዙ ጊዜ ይይዙታል፤ መጠይቅ ቃለ መጠይቅ እንደማያደርግ ለመገመት የሚያስችላቸው በቂ ጽሑፍ አንብበዋል። ክትባቱን የወሰደችው ነርሷ ትሁን ሕፃኑ ግን ከዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ሊያገኙት አይችሉም፤ ያ ዕውቀት ያለው ክሊኒኩ ውስጥ በነበረው ሰው ዘንድ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ለአማካሪዎችና ለመምህራን አንድ ልመና አለኝ። ከጽሑፉ ዳር በቀይ እስክሪብቶ «ግራማር» ብላችሁ አትለፉት፤ ተማሪው ከዚያ የሚማረው ነገር የለም። ነጠላ ሰረዙ ላይ ምልክት አድርጉና «ማን?» ብላችሁ ጻፉ፤ መልሱንም በአማርኛ በአንድ ቦዝ አንቀጽ እንዲጽፍ ጠይቁት። «ጨርሰን» ብሎ ከጻፈ በኋላ ያ «ን» በእንግሊዝኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የት እንዳለ እንዲያሳያችሁ አድርጉ። ማሳየት ካልቻለ የሚጎድለውን ቃል ራሱ ያገኘዋል፤ የሚገባበትም ቦታ ከነጠላ ሰረዙ ቀጥሎ ነው።